«ሊትል» እና «ኤ ሊትል»፦ በአንዲት ፊደል የሚለያዩ ሁለት ትንሾች

ውድ እህት ወንድሞቻችን፣ በአንድ ስሕተታችን እንጀምር። ባለፈው ክረምት ከመካከላችን ሦስታችን ለኢንተርንሺፕ አንድ የጠጠር መፍጫ ቦታ ተመድበን ነበር። አንድ ጠዋት የማጓጓዣውን ሞተር ፈትሸን ያየነውን በእንግሊዝኛ ቅጽ ላይ እንድንሞላ ታዘዝን። ሞተሩን ከብረቱ ጋር ከያዙት ብሎኖች ውስጥ አራቱ ላልተው አገኘናቸው። እኛም «ፊው ቦልትስ አር ሉዝ» ብለን ጻፍን። በልባችን የነበረው «ጥቂት ብሎኖች ላልተዋልና ይጥበቁ» የሚል ነው። ቅጹን ያነበበው መሐንዲስ የተረዳው ግን «የላላ ብሎን እምብዛም የለም» የሚል ነው። ፈረመ፣ ማሽኑም ተነሳ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሞተሩ ከቦታው ተንሸራተተና ቺንጋው ተበጠሰ። አልሐምዱሊላህ፣ ሰው አልተጎዳም። ሥራው ግን ቀኑን ሙሉ ቆመ።

መሐንዲሱ ቅጹን ይዞ መጥቶ፣ «ችግር የለም ብላችሁ ጽፋችሁ አልነበረም ወይ?» ሲለን መልስ አጣን። እኛ ችግር አለ ብለን ነበር የጻፍነው። ከጽሑፋችን የጎደለችው አንዲት ፊደል ብቻ ነበረች፤ ከ«ፊው» ፊት መቆም የነበረባት «ኤ»።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ከውርጌሳ የመጣን የጀመዓው አባላት ነን። ያ ቀን ካሳፈረን በኋላ ተቀምጠን ነገሩን መረመርነው። ያገኘነውን ደግሞ ለራሳችን ብቻ ማስቀረት አልፈለግንም።

ስሕተቱ ከየት መጣ?

እንደ ብዙዎቻችሁ እኛም በሁለት ትምህርት ቤት ነው ያደግነው። ቀን የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከዐስር በኋላና ከፈጅር በፊት ደግሞ መድረሳ። እንግሊዝኛን ያወቅነው ከጥቁር ሰሌዳ ላይ በገለበጥነው የቃላት ዝርዝር ነው። በግራ በኩል «ስሞል»፣ «ሊትል»፣ «ፊው» ተብሎ ይጻፋል፤ በቀኝ በኩል «ትንሽ»፣ «ትንሽ»፣ «ጥቂት»። ሸምድደን እናልፋለን። ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ ፊዚክሱም ሒሳቡም በእንግሊዝኛ ሆነ፤ ያችው ዝርዝር ይዛን ዩኒቨርሲቲ ደረሰች።

ዝርዝሩ ሐሰት አልነበረም፤ ጎደሎ ነበር እንጂ። አንድ ቃል በብቻው ሲቀመጥ ትርጉሙ ይመስለናል፤ ከጎኑ የሚቆመው ሌላው ቃል ግን ሐሳቡን ይገለብጠዋል። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ማናችንም የመውጫ ፈተና ሳናልፍ አንመረቅም፤ ፈተናውም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ጥያቄውን እያወቁት በአንዲት ፊደል የተነሳ መሳት ያንገበግባል።

ሦስቱን ቃላት እንለያቸው

«ስሞል» የመጠን ቃል ነው። የሚለካ ወይም የሚታይ ነገር ትንሽ መሆኑን ብቻ ይናገራል፦ ትንሽ ክፍል፣ ትንሽ ቁጥር፣ ትንሽ ማዕዘን። የምሕንድስና ተማሪዎች «ስሞል አንግል» የሚባለውን ሕግ ታውቁታላችሁ። ማዕዘኑ ትንሽ ሲሆን ሳይኑን በራሱ በማዕዘኑ (በራዲያን) እንተካዋለን፤ በ10 ዲግሪ ላይ እንኳ ልዩነቱ ከመቶ ግማሽ ገደማ ነው። እዚህ ቦታ «ሊትል አንግል» የሚል መጽሐፍ አታገኙም።

«ሊትል» ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው እንደ «ስሞል» መጠንን መግለጽ ነው፤ ግን ስሜት ይጨምርበታል፤ ወደዚህ በኋላ እንመለሳለን። ሁለተኛው ሥራው የማይቆጠር ነገር ማነሱን መግለጽ ነው፦ ውሃ፣ ጊዜ፣ ዘይት፣ ዝናብ፣ ገንዘብ፣ ዕውቀት። ገንዘብን ልብ በሉ፤ እኛ ብሩን ስለምንቆጥር የሚቆጠር ይመስለናል፤ በእንግሊዝኛ ግን «መኒ» አይቆጠርም።

«ፊው» ደግሞ ለሚቆጠሩ ነገሮች ነው፦ ብሎኖች፣ ተማሪዎች፣ ቀናት፣ ስሕተቶች።

እስከዚህ ያለውን አብዛኞቻችን እናውቃለን። የማናውቀው ቀጣዩን ነው። «ሊትል» እና «ፊው» ያለ «ኤ» ሲመጡ የሚናገሩት ስለ ጉድለት ነው፤ «የለም ማለት ይቀላል» እንደማለት። «ኤ» ስትቀድማቸው የሚናገሩት ስለ መኖር ነው፤ «ብዙ ባይሆንም አለ» እንደማለት። የውሃው መጠን አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። የሚለወጠው የተናጋሪው ፍርድ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ልዩነት የሚሠራው በሁለተኛው ሥራ፣ ማለትም በብዛት ላይ ነው። «ኤ ሊትል ሃውስ» ስንል ግን «ኤ» የቤቱ ናት፤ «አንዲት ትንሽ ቤት» ማለት ብቻ ነው።

አባታችን በስልክ እንዴት ይናገራሉ?

«አማርኛችን ይህን ልዩነት አያውቀውም፣ ስለዚህ ይከብደናል» የሚሉ ጓደኞች አሉን። እኛም እንዲያ እንል ነበር። ከዚያ ወደ ቤት ስንደውል ያለውን አሰብን።

በልግ ሲደርስ ውርጌሳ ደውለን «አባባ፣ ዘነበ ወይ?» ብለን እንጠይቃለን። ዝናቡ ደህና ጀምሮ ከሆነ «አልሐምዱሊላህ፣ ትንሽ ዘንቧል» ይላሉ። መሬቱ ረስርሷል፣ ተስፋ አለ፣ በሬውም ሊጠመድ ነው። ዝናቡ አሳዝኗቸው ከሆነ ግን «ትንሽ» የሚለውን ቃል አይጠሩትም። «ኧረ ምኑን ዘነበ! እምብዛምም አልጣለ» ነው የሚሉት። ምናልባት በሁለቱም ጊዜ የጣለው ውሃ እኩል ነው። አባታችን ግን በመጀመሪያው ያለውን፣ በሁለተኛው የጎደለውን ነገሩን። የመጀመሪያው «ኤ ሊትል ሬይን» ነው፤ ሁለተኛው «ሊትል ሬይን»።

ስለዚህ አማርኛችን ልዩነቱን አሳምሮ ያውቀዋል፤ የሚያሳይበት መንገድ ነው የተለየው። እንግሊዝኛ አንዲት ፊደል ያስቀድማል፤ እኛ ግሡን በአሉታ እናደርገዋለን። ወይም ቃሉን ቦታ እናስለውጠዋለን፦ «ትንሽ ገንዘብ አለኝ» የሚል ሰው አበድረኝ ሊባል ይችላል፤ «ያለኝ ገንዘብ ትንሽ ነው» የሚል ግን እምቢታውን ከወዲሁ ነግሮናል።

ከዚህ አንድ ቀላል መለኪያ አወጣን። እንግሊዝኛ ከመጻፋችሁ በፊት ሐሳባችሁን በአማርኛ ተናገሩት።

«እምብዛም የለም» ወይም «ምንም ያህል አይደለም» ብላችሁ ከተናገራችሁት «ኤ» አትግባ፦ «ሊትል»፣ «ፊው»።

«ትንሽ አለ» ወይም «የተወሰነ አለ» ብላችሁ ከተናገራችሁት «ኤ» ትግባ፦ «ኤ ሊትል»፣ «ኤ ፊው»።

ያን ቀን ስለ ብሎኖቹ እንዲህ ብለን ራሳችንን ብንጠይቅ ኖሮ «የተወሰኑ ብሎኖች ላልተዋል» እንል ነበር፤ «ኤ»ም ትገባ ነበር።

መድረሳ የሰጠን መንገድ

ለመድረሳ ልጆች ሌላም በር አለ። ዐረብኛው «ቀሊል» ትንሽም ጥቂትም ይሆናል። በሱረቱ ሰበእ 13ኛው አንቀጽ መጨረሻ ላይ አላህ ከባሮቹ አመስጋኞቹ ጥቂቶች መሆናቸውን ይነግረናል። ይህ ጥቂትነት ወቀሳ አለበት፤ ብዙው ሰው አያመሰግንም ማለት ነውና። በእጃችን ያሉት የታወቁ የእንግሊዝኛ ትርጉሞች እዚህ ቦታ ያለ «ኤ» «ፊው» ብለው ነው ያስቀመጡት። አንድ ተርጓሚ «ኤ ፊው» ቢል ኖሮ መልእክቱ «አመስጋኞችማ የተወሰኑ አሉ» ወደሚል ማጽናኛ ይዞር ነበር። በሱረቱል ሓቀህ 41ኛው አንቀጽም ሰዎቹ የሚያምኑት ጥቂትን መሆኑ ሲነገር፣ ከሙፈሲሮች መካከል ይህ ጥቂትነት ከነጭራሹ አለማመን ማለት ነው ያሉ አሉ። ያለ «ኤ» የሚመጣው «ሊትል» ወደ «የለም» የሚጠጋው ልክ እንደዚህ ነው።

ከሰበኡ አንቀጽ ጋር አብሮ የሚወራ ታሪክ አለ። ዑመር (ረ.ዐ) አንድ ሰው «ጌታዬ ሆይ፣ ከጥቂቶቹ አድርገኝ» እያለ ዱዓ ሲያደርግ ሰሙት ይባላል። ይህ ምን ዓይነት ዱዓ ነው ብለው ሲጠይቁት ሰውዬው ይህንኑ አንቀጽ ጠቀሰላቸው። ሰውዬው ቃሉን በጥሞና ስላነበበ ከአንዲት «ቀሊል» ዱዓ አወጣባት።

ቅድም በይደር የተውነው የ«ሊትል» ስሜትም በመድረሳ ትምህርት ይገባናል። ሶርፍ የቀራ ሁሉ ተስጊርን ያውቃል፤ ስምን በ«ፉዐይል» ሚዛን አስገብቶ ማሳነስ ነው። ከሐሰን ሑሰይን ይወጣል። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) የተጠሩበት «ሁረይራ» ትንሽዬ ድመት ማለት ነው። ሉቅማን ልጁን ሲመክር የጠራበት «ቡነይ» ከ«ኢብን» የመጣ ነው። እዚያ ቦታ ማሳነሱ ልጁን ለመናቅ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ የአባት ፍቅር ነው።

አማርኛ ለዚህ የተለየ ሚዛን የለውም። እኛ አንስታይ ጾታን እንጠቀማለን፦ «ቤቷ»፣ «መኪናዋ»፣ «ይቺ መጽሐፍ»። ወይም «ትንሽዬ» እንላለን። እንግሊዝኛ ደግሞ ፍቅሩን የሚያስገባው በ«ሊትል» ነው፤ «ስሞል» ደረቅ ነው፣ ሜትር ይዞ ይለካል። ስለዚህ «ታናሽ ወንድሜ» ለማለት «ማይ ሊትል ብራዘር» ነው የሚባለው። ብዙዎቻችን «ማይ ስሞል ብራዘር» ብለን እንጽፋለን፤ ሰሚው ግን ስለ ዕድሜው ሳይሆን ስለ ቁመቱ የምናወራ ይመስለዋል።

አንዲት ቃል ምን ታመጣለች?

«በአንዲት ቃል ይህን ያህል መጨነቅ ምን ይጠቅማል?» የሚል ቢኖር ወደ ሰፈራችን እንውሰደው። ከውርጌሳ ተሳፍረን በዋናው መንገድ ወደ ደሴ ስንወጣ ውጫሌን እናልፋለን። አፄ ምኒልክና የኢጣሊያ መልእክተኛ አንቶኔሊ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም የተዋዋሉት ውል በስሟ የሚጠራው ይቺው ውጫሌ ናት። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ቅጂ የኢትዮጵያ ንጉሥ ከሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ግንኙነት ቢፈልጉ በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት መጠቀም እንደሚችሉ የሚል ነበር። በኢጣሊያንኛው ቅጂ ግን መቻሉ ወደ ግዴታ ተለወጠ። ኢጣሊያ በዚያ ላይ ቆማ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ብላ ለዓለም አስታወቀች። ምኒልክ ውሉን ሰረዙ። ነገሩ ሄዶ ሄዶ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም ዐድዋ ላይ ደረሰ።

የጦርነቱ ምክንያት አንድ ቃል ብቻ ነበር አንልም፤ ከቃሉ በስተጀርባ የመግዛት ፍላጎት ነበር። ነገር ግን ፍላጎቱ የገባው ከሁለቱ ቋንቋዎች መካከል በተከፈተች ክፍተት ነው። በእኛ ቅጽ ላይ ማንም ክፉ ሐሳብ አልነበረውም፤ ክፍተቷ ግን ነበረች፣ ብሎኖቹም በዚያው አመለጡ። ስለዚህ የውርጌሳ ልጅ «ቃል ነው፣ ምን አለበት» ለማለት ከማንም ይልቅ ሊያፍር ይገባዋል።

በየዲፓርትመንታችን

ልዩነቱ ለመሐንዲስ ብቻ አይደለም። በየሙያችን እንየው።

ጤና፦ በሽተኛው «ሊትል ፔይን» አለው ከተባለ ሕመሙ አያስጨንቅም ማለት ነው። «ኤ ሊትል ፔይን» ከተባለ ግን ቀላልም ቢሆን ሕመም አለ፤ የት እንደሆነ ይጠየቅ።

አካውንቲንግ፦ ኦዲተሩ «ፊው ኤረርስ» ካለ ሒሳቡን እያመሰገነ ነው። «ኤ ፊው ኤረርስ» ካለ የሚታረሙ ስሕተቶች አግኝቷል።

ግብርና፦ ስለ ዝናብ ከላይ አይተናል። ወሎ ድርቅን በተደጋጋሚ ያየ አገር ነው። ነገ ከመካከላችን አንዱ የወረዳ ባለሙያ ሆኖ ስለ በልግ ዝናብ በእንግሊዝኛ ሪፖርት ቢጽፍ፣ ስንዴ የሚላክና የማይላክበት ልዩነት በዚያች «ኤ» ላይ ሊንጠለጠል ይችላል።

ምሕንድስና፦ «ዜር ኢዝ ኤ ስሞል ኤረር» ማለት ስሕተት አለ፣ መጠኑ ግን ትንሽ ነው። «ዜር ኢዝ ሊትል ኤረር» ማለት ደግሞ ስሕተት እምብዛም የለም። በላብ ሪፖርት ላይ የመጀመሪያው ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው አይፈልግም።

ሥራ ፍለጋ፦ በቃለ መጠይቅ «እንግሊዝኛ ትናገራለህ?» ሲባል ብዙዎቻችን በትሕትና «ሊትል» እንላለን። ያልነው «እምብዛም አልችልም» ነው። ልንል የፈለግነው «ኤ ሊትል» ነበር። ትሕትና ጥሩ ነው፤ ያልሆነውን ሆነ ማስባል ግን ትሕትና አይደለም።

ሕጉን የሚያጠማዝዙ ሁለት አባባሎች

እነዚህ በፈተና ላይ ስለሚመጡ በቃል ያዟቸው።

«ኦንሊ ኤ ሊትል» እና «ኦንሊ ኤ ፊው»፦ «ኤ» ብትኖርም «ኦንሊ» ማለትም «ብቻ» ስለገባ ሐሳቡ ወደ ጉድለት ይመለሳል። «ጥቂት ሰዎች ብቻ መጡ» ስንል ቅር እንዳለን ይታወቃል።

«ኳይት ኤ ፊው»፦ ይህ ብዙዎችን ያሳስታል። «ፊው» ውስጡ ስላለ ጥቂት ይመስላል፤ ትርጉሙ ግን «በርከት ያሉ» ነው። አማርኛችንም «ጥቂት አይደሉም» ብሎ ብዙ ማለቱን አትርሱ።

ራሳችሁን ፈትኑ

መልሱን ከማየታችሁ በፊት በ«እምብዛም» መለኪያ ሞክሩት።

1. ጀኔሬተሩ ውስጥ ዘይት እምብዛም የለም፤ አታስነሱት።
2. ሶላት ሊደርስ ትንሽ ጊዜ አለን፤ ውዱእ እናድርግ።
3. ከክፍላችን ይህን ጥያቄ የመለሱት ከቁጥር አይገቡም።
4. ላይብረሪው ውስጥ የተወሰኑ ባዶ ወንበሮች አሉ፤ ኑ።

መልስ፦ 1 «ሊትል»፣ 2 «ኤ ሊትል»፣ 3 «ፊው»፣ 4 «ኤ ፊው»። ሁለተኛውን ያለ «ኤ» ብትጽፉት ውዱእ የሚያደርግ አይኖርም፤ ጊዜ የለም ብላችኋልና።

ለማጠቃለል

ከዚህ ሁሉ ለእኛ የቀረልን ነገር አንድ ነው። እንግሊዝኛ ያሳፈረን ሌላ ቋንቋ ስለማናውቅ አልነበረም። አባታችን በስልክ የሚናገሩትን አማርኛና በመድረሳ የቀራነውን ዐረብኛ ከበር ውጭ ትተን፣ ሸምድደን የያዝናትን ዝርዝር ብቻ ይዘን ስለገባን ነው። ቃልን በቃል ከመተካት በፊት «ይህ ትንሽ ያለ ነው ወይስ የጎደለ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ያንን የምንመልሰው በራሳችን ቋንቋ ነው።

በቡኻሪና በሙስሊም በተዘገበው የታወቀ ሐዲስ፣ አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ትንሽ ቢሆንም እንኳ የሚዘወተረው እንደሆነ ተምረናል። እኛ ከዐስር ሶላት በኋላ በጥናት ክበባችን በቀን አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይዘን፣ ከአማርኛውና ከዐረብኛው ጋር እያስተያየን መቀመጥ ጀምረናል። አንድ ቃል በቀን ትንሽ ነው፤ ግን አለ። ከየትኛውም ዲፓርትመንት ብትሆኑ፣ በሪፖርት ወይም በፈተና ላይ ያስቸገራችሁን ቃል ይዛችሁ ኑና አብረን እንየው።

አላህ የሚጠቅም ዕውቀት ይስጠን፤ ባወቅነውም የምንሠራ ያድርገን፤ ከአመስጋኞቹ ጥቂቶችም ይቁጠረን። አሚን።

ወሏሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።